የበረራ ትምህርት ቤት ከመምረጥ በፊት

አንደኛዋ አቅራቢ፦ አሜሪካ ውስጥ አብራሪ ለመሆን የተነሳ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው።

ሁለተኛው አቅራቢ፦ ከዋጋው በፊት የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ይታይ። በ«ክፍል 141» ደንብ የሚሠሩት ሥርዓተ ትምህርታቸው በፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር የጸደቀ ነው፤ ተማሪው በትንሹ በ190 የበረራ ሰዓት የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። በ«ክፍል 61» ግን 250 ሰዓት ያስፈልገዋል።

አንደኛዋ፦ ታዲያ 60 ሰዓት ተረፈለት?

ሁለተኛው፦ በወረቀት ላይ አዎ። ፈቃዱ ብቻውን ግን አየር መንገድ አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ቡፋሎ አቅራቢያ ተከስክሶ 50 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም በመደበኛነት 1,500 ሰዓት ሊኖረው ይገባል፤ ከተፈቀደለት ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን በዲግሪ ለተመረቀ ወደ 1,000 ሊወርድ ይችላል።

አንደኛዋ፦ ቀሪውን ሰዓት ብዙዎች የሚሞሉት በረራ እያስተማሩ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎቹን በአስተማሪነት ይቀጥራል ወይ? ይህ ጥያቄ ከአውሮፕላኖቹ አዲስነት ይበልጣል!

ሁለተኛው፦ ገንዘቡም አለ። ኔቫዳ ውስጥ የነበረው ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ እ.ኤ.አ. በ2008 በድንገት ሲዘጋ፣ ተበድረው አስቀድመው የከፈሉ ተማሪዎች ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ዕዳው በላያቸው ቀረ። እጅግ ያሳዝናል።

አንደኛዋ፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የአንደኛ ደረጃ የአብራሪ ጤና ምርመራ አድርጉ፤ ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ክፍያውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ፈጽሙ።