«ወለድ የለውም» ስለሚባለው የመደብር ካርድ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ተናጋሪ አይደለሁም፤ የዕድሜዬን አብዛኛውን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ደብተር ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የቆምኩትም ለማስተማር ብዬ ሳይሆን፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ተናግሬ ሌላው እንዲጠነቀቅ ነው። ነገሩ በዚህ በአሜሪካ አገር ትላልቅ መደብሮች የሚሰጡት ክሬዲት ካርድ ነው፤ ይኸውም «ለአሥራ ሁለት ወር ወለድ የለውም» እየተባለ የሚሰጠው።

አገር ቤት ሳለን ዱቤ የምናውቀው ከሰፈር ሱቅ ነው። ባለሱቁ ስኳሩንና ዘይቱን ሰጥቶ በደብተሩ ይጽፋል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይከፈለዋል። ብንዘገይ ይቆጣ ይሆናል፣ በሰው ፊት ያሳፍረን ይሆናል እንጂ የወሰድነው አሥር ብር አሥራ ሦስት አይሆንም። ብዙዎቻችን እዚህ መጥተን የመደብሩን ካርድ ስንይዝ በልባችን ያሰብነው ያንኑ ዱቤ ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር ሶፋና አልጋ ልንገዛ አንድ መደብር ገባን። ዋጋው 1,800 ዶላር ሆነ። ሻጩ ልጅ በትሕትና «ለአንድ ዓመት ያለ ወለድ ይክፈሉ» አለን፤ እኔም ፈረምኩ። ወረቀቱ ላይ ግን «በሙሉ ከተከፈለ» የምትል ነገር ነበረች። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛውን እንደ ነገሩ እያየሁ አለፍኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በኔ ላይ ግን ሞኙ ለቀቀ፣ ወረቀቱ አለቀቀም።

በየወሩ 140 ዶላር ሳላስተጓጉል አሥራ አንድ ጊዜ ከፈልኩ። ጠቅላላው 1,540 ዶላር መሆኑ ነው። የቀረችው 260 ዶላር ነበረች፤ እሷንም በአሥራ ሁለተኛው ወር ልዘጋት አስቤ ነበር። በዚያው ወር የታላቅ እህቴን መርዶ ተረዳሁ። ይኸው ዕድር ቤቴ ድረስ መጥቶ አጽናናኝ፤ እናንተው ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ሄጄ አርባዋን አውጥቼ ተመለስኩ። ስመለስ ቀኑ አልፏል። ከፖስታው የወጣው ሒሳብም 260 ዶላር አልነበረም፤ ከ600 ዶላር በላይ ነበር።

መጀመሪያ ስሕተት መሰለኝ። ልጄ ስልክ ደውላ ብትጠይቅልኝ፣ ያነጋገረቻት ሴት በሐዘኑ ማዘንዋን ገልጻ ውሉን አነበበችላት። ለካስ ስሕተት አልነበረም።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ወለዱ ከገዛንበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል፤ ግን ለጊዜው አይጠየቅም፣ በጎን ይቀመጣል። ዕዳው እስከ መጨረሻው ቀን አንድም ሳንቲም ሳይቀር ከተከፈለ የተቀመጠው ወለድ ይሰረዛል። ጥቂት እንኳ ቢቀር ግን የዓመቱ ወለድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጫናል። ፈረንጆቹ «ዲፈርድ ኢንተረስት» ይሉታል፤ እኛ ተንጠልጥሎ የቆየ ወለድ ብንለው ይገባናል።

የጸሐፊ ነገር ሆኖብኝ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የካርዱ ወለድ በዓመት 30 በመቶ ነበር፤ በወር ሁለት ተኩል በመቶ ማለት ነው። ዛሬም ብዙዎቹ የመደብር ካርዶች ከዚሁ አይርቁም። በመጀመሪያው ወር በ1,800 ዶላር ላይ 45 ዶላር ይታሰባል፤ በሁለተኛው ወር በ1,660 ላይ 41 ዶላር ከ50 ሳንቲም፤ እንዲህ እየወረደ በአሥራ ሁለተኛው ወር በ260 ላይ 6 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የአሥራ ሁለቱ ወር ሲደመር 309 ዶላር ነው። የቀረው ጭማሪ ወለድ በወለድ ላይ የታሰበውና የመዘግየት ቅጣቱ ነው። ልብ በሉ፤ ካርዱ በእውነት ወለድ የሌለው ቢሆን ኖሮ፣ ከቀኑ በኋላ የሚታሰብብኝ በቀረችው 260 ዶላር ላይ ብቻ ነበር፤ ለመጀመሪያው ወር 6 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ሌሎች መታወቅ ያለባቸው ነገሮችም አሉ።

አንደኛ፣ በየወሩ በሚመጣው ወረቀት ላይ ሚኒመም ተብሎ የሚጻፈው ክፍያ ዕዳውን በጊዜው ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አይበቃም። «የጠየቁኝን ከፍያለሁ» ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሁለተኛ፣ በዚያው ካርድ ሌላ ዕቃ መግዛት ያሳስታል። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ፣ ከሚኒመሙ በላይ የምንከፍለው ገንዘብ ከፍተኛ ወለድ ወደሚታሰብበት ዕዳ አስቀድሞ እንዲገባ ያዛል። ሕጉ ለሌላው ካርድ ደግ ነው፤ በዚህኛው ግን ገንዘባችን ለአዲሱ ዕቃ እየዋለ የፊተኛው ሶፋ ዕዳ እንዳለ ይቀመጣል። ወደ ሶፋው የሚዞረው በመጨረሻዎቹ ሁለት የሒሳብ ወሮች ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው ያጥራል።

ሦስተኛ፣ ክፍያ ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ቀኑ ሳይደርስም ወለዱ ሊጫን ይችላል።

አራተኛ፣ ነገሩ በዕቃ መደብር ብቻ አይደለም፤ በጥርስ ሐኪም ቤትም አለ። በ2013 የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ኬርክሬዲት የሚባለውን የሕክምና ካርድ ይሰጥ የነበረው ባንክና ድርጅቱ እስከ 34.1 ሚሊዮን ዶላር ለሰዎች እንዲመልሱ አዟል። ብዙ ሰው በሐኪም ቤት ሲፈርም ወለዱ እንደሚጠራቀም በደንብ አልተነገረውም ነበርና። ስለዚህ የተሳሳትነው እኛ መጤዎች ብቻ አይደለንም፤ እዚሁ የተወለደውም ተሳስቷል። ማፈሩ ይቅር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ካርዱን ፈጽሞ አትያዙ አልልም፤ ቤት ያልሞላለት ሰው አለ። ግን ስትፈርሙ «በሙሉ ከተከፈለ» የሚለውን ፈልጉ፤ ካለ ተንጠልጥሎ የሚቆየው ወለድ አለበት ማለት ነው። ዋጋውን ለአሥራ ሁለት ሳይሆን ለአሥር ወር አካፍሉት። የኔን 1,800 በወር 180 አድርጌ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ መርዶው ሳይመጣ ዕዳው ባለቀ ነበር። የመጨረሻው ቀንም በየወሩ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ነው፤ ፈልጋችሁ በግድግዳው ካላንደር ላይ ጻፉት፣ ለልጆቻችሁም አሳዩ። ቀኑ ካለፈ ደውሎ ምሕረት መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሚምር አለ፣ ግን ግዴታ የለበትም።

በመጨረሻም ለስብሰባው አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሐዘን ሲደርስብን እናንተ እንጀራውን፣ ወጡን፣ ቡናውን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሐዘንተኛ ግን ፖስታ አይከፍትም፤ እኔም አልከፈትኩም። ስለዚህ ወደ ሐዘን ቤት ከሚሄዱት ከኮሚቴዎቻችን አንዱ፣ ከቤተሰቡ ሰው ለብቻው ጠርቶ «በዚህ ወር ቀኑ የሚደርስ የካርድ ሒሳብ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። የመደብር ካርድ ለቅሶ አያውቅም፤ የምናውቀው እኛ ነን። ዕድር የተቋቋመው ሰው በሐዘኑ ቀን ብቻውን እንዳይወድቅ ነውና፣ ይቺም አንዷ ሥራው ትሁን እላለሁ።

ፈጣሪ ቤታችሁን ከሐዘን ይጠብቅልኝ።