የዱሮ ሆቴል፣ የዛሬ ድራፍት ቤት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የቆዩ ሕንጻዎችን ለአዲስ አገልግሎት ስለ ማዋል ነበር። ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ፣ ምናልባትም በጉባኤ ላይ ለማንሣት የምናፍርበትን ክፍል፣ ነጥዬ እንድይዝ ፈቃዳችሁን እለምናለሁ። ይኸውም የዱሮው ሆቴል ተለውጦ ርካሽ መጠጥ መሸጫ፣ በዛሬው አጠራር ድራፍት ቤት፣ ሲሆን በሕንጻው ላይ የሚደርሰው ነገር ነው። መጠጥ ቤት መግባት ለሽማግሌ አያምርም የሚል ቢኖር፣ የገባሁት ጣራውን ለማየት ነው ብዬ አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ የቀረበልኝን ጃንቦ ግን አልመለስሁም።

በጎጃም ደጋ ሆቴል የሚባለው ነገር እንግዳ ደራሽ ነው። መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም እግሩን አሳጥቦ፣ መደብ ለቅቆ፣ ካለው አካፍሎ ያሳድረዋል። ይህ ልማድ በጸናበት አገር አልጋን ማከራየት፣ እንጀራንም በዋጋ ማቅረብ ለብዙ ጊዜ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። በአዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አልራቀም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን ስላልለመዱ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው፣ ተመግበው፣ ሒሳብ ከፍለው አርአያ እንደ ሆኑ ይተረካል። እንዲህ ከሆነ ደንበኝነትን ለአገሩ ያስተማሩት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው ማለት ነው።

ወደ ጎጃም ሆቴልን ያመጣው የመኪና መንገድ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ ዘመን የተዘረጋው መንገድ ዐባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ፣ ከመንገዱ ጋር ቃላቱም አብረው ገቡ፤ አልቤርጎ የምንለው የአልጋ ቤት፣ ባንኮኒ የምንለው የመጠጥ መሸጫ ጠረጴዛ፣ ሁለቱም የዚያ ቋንቋ ትራፊዎች ናቸው። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ የሆነችው ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በረሃውን መሻገር ቀኑን በሚፈጅበት ጊዜ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገደኛ የሚያድርባት ስለ ነበረች ብርዱንና ድካሙን የሚያስረሳ ቤት ያስፈልገው ነበር።

ያ ቤት ቡና ቤት ይባላል። ስሙ ቡና ይሁን እንጂ ምን እንደሚሸጥበት ለእናንተ አልነግራችሁም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን አሠራሩን ነው። በመንገዱ በኩል አንድ ሰፊ ክፍል፣ በውስጡ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ በመደርደሪያ የተሰለፈ ጠርሙስ፤ በጓሮ በኩል ደግሞ ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ ባንድ ተርታ የተሠሩ የአልጋ ክፍሎች፣ ከመካከላቸው የውሃ በርሜል። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ አዲስ ተሹሞ ወደ ወረዳው የሚወርደው ሹም ከፊት ጠጥቶ ከኋላ ይተኛል። በአገራችን ሆቴልና መጠጥ ቤት ከመጀመሪያው አንድ ቤት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ «ሆቴሉ መጠጥ ቤት ሆነ» ብለን ስናዝን፣ ነገሩን በትክክል አልተናገርነውም፤ የሆነው ፊተኛው ክፍል ኋለኛውን መዋጡ ነው።

የዋጠበትም ምክንያት አለ። መንገዱ ተሻሻለ፤ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ገደማ በዐባይ ላይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ተመረቀ፤ መንገደኛውም ሳያድር ማለፍ ጀመረ። የሚያድረውም ቢሆን መታጠቢያ ያለውን ባለ ፎቅ መረጠ። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ጉዞው ራሱ ደጋግሞ ተቋረጠ። መንገደኛ የሌለው አልቤርጎ የሚቀርለት የከተማው ነዋሪ ነው፤ የከተማው ነዋሪ ደግሞ የገዛ አልጋው ስላለው ከአልቤርጎው የሚፈልገው ወንበርና ብርጭቆ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የገባሁበት ቤት የዚህ ዓይነት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቲቱ ይህን ሁሉ እንድነግርባቸው አልፈቀዱልኝም። በረንዳው የእንጨት ዓምድ ያለው፣ ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ በጭቃ የተመረገ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም በኖራ የተቀባ አቡጀዲ ነው። ከመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ሁሉ በአንድ ቢራ ፋብሪካ ቀለም ተለቅልቆ የፋብሪካው ምልክት ተጽፎበታል። ከውስጥ በሁለት መኝታ ክፍሎች መካከል የነበረው ግድግዳ ተንዶ አዳራሽ ሆኗል፤ ሌሎቹ ክፍሎች የሣጥንና የባዶ ጠርሙስ መጋዘን ናቸው። በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስተማሪው፣ የባጃጅ ነጂው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ጋቢ የደረበ አንድ አዛውንት ሳይቀሩ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ዓይነት ጃንቦ፣ የእንግሊዝን እግር ኳስ ያያሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚህ የተደባለቀ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ያየሁት በቤተ ክርስቲያን ደጅና በለቅሶ ቤት ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ይህን ግድግዳ ሲያፈርሱ ባለሙያ አማክረዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ባለሙያው ሲመጣ አፍርሰሽ ባለ አራት ፎቅ ሥሪ ነው የሚለኝ» አሉኝ። «ድራፍቱ ባይኖር ይህ ጣራ ይኸኔ የለም። ቆርቆሮውን የቀየርሁት በእሱ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። እናንተም ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። መኝታ ክፍል ሲሠራ ወለሉ በአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል እንዲሸከም ታስቦ ነው፤ ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ግን ከ400 እስከ 500 ኪሎ ይጠይቃል። የ50 ሊትር የድራፍት በርሜል ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እኒህ በርሜሎች ደግሞ ተበታትነው አይቀመጡም፣ ባንኮኒው ሥር ባንድ ጥግ ይደረደራሉ። ከበርሜሉ አጠገብ የጋዙ ሲሊንደርና የማቀዝቀዣው ማሽን አለ፤ ከማሽኑ የሚንጠባጠበው ውሃ በጣውላው ስንጥቅ ገብቶ ተሸካሚውን እንጨት ያበሰብሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ድራፍቱ ከቆላው ይልቅ አረፋ ይበዛዋል፤ ቀጂውም አረፋውን እየደፋ ስለሚቀዳ የባንኮኒው ሥር ወለል ከቀን እስከ ሌት እርጥብ ነው። የፊዚክስ መምህራን ይህን ምሳሌ ለምን እንደማይጠቀሙበት አላውቅም። አውራው አደጋ ግን እሳት ነው። አንዲት አምፖል ለማብራት የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ ሲጫንበት፣ ከላዩ ደግሞ አቡጀዲና ደረቅ እንጨት ሲኖር፣ መውጫውም ወደ ውስጥ የሚከፈት አንድ በር ብቻ ሲሆን፣ የሚቀጥለውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ምሳሌውም ከዋና ከተማችን አልጠፋም። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል አዳራሽ በ2003 ዓ.ም. ጃዛምባ በሚል ስም የሙዚቃና የመጠጥ ቤት ሆኖ ተከፍቶ፣ ዝም ብለው የነበሩ የቀድሞ ዘመን ድምፃውያን ሳይቀሩ እንደ ገና ወደ መድረክ የወጡበት ስፍራ ሆነ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ቤት በአንድ ምሽት ወጣቱንና ሽማግሌውን ሲያገናኝ ማየት ያስደስት ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሁድ ዕለት በተነሣው እሳት ጃዛምባ ወደመ። ሆቴሉ ግን ከነጉዳቱ ተርፎ ተጠገነ፤ ዛሬም ቆሟል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ሰፈር በፈረሰ ጊዜ፣ በመጠጥና በሥጋ ቤቶቹ የታወቀው ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሄደ። እዚያ ከነበሩት ቤቶች ስንቱ በወረቀት ላይ ተለክቶ ቀርቷል? ይህን የምጠይቀው ከተማው አይታደስ ለማለት አይደለም፤ የፈረሰውን የለካ ሰው ስለ መኖሩ ነው።

በእንግሊዝ አገር ይህን ነገር ዌዘርስፑን የሚባል ድርጅት እንደ ዋና ሥራ ይዞታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በለንደን በአንድ ቤት ተጀምሮ፣ ዛሬ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ የተዘጋ ሲኒማ፣ ባንክ፣ ፖስታ ቤት፣ የዱሮ ሆቴልም እየያዘ ርካሽ ቢራና ምግብ ይሸጥበታል። የብዙዎቹን ስም ከቦታው ታሪክ ያወጣል፤ የሰፈሩን ታሪክም በግድግዳው ላይ ጽፎ ይሰቅላል። የቢራው ርካሽነት የሚያስከፋቸው አሉ፤ እኔ ግን የምቀናበት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ቤት ያለው ድርጅት መሐንዲስ ለመቅጠር አቅም አለው። እኛ ዘንድ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ የበቀለ ሞላ ሆቴሎች፣ ከመንግሥት በኩልም የራስና የግዮን ሆቴሎች በአንድ አስተዳደር ብዙ ቤት የመያዝን ልማድ አሳይተዋል። የደብረ ማርቆሷ ባለቤት ግን ብቻቸውን ናቸው። ግድግዳቸውን በነጻ የሚቀባላቸው ፋብሪካ አለ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ጭቃ ሲሰነጠቅ የሚጠይቅ የለም። በእኔ አስተያየት ምልክቱን በሕንጻ ላይ የሚለጥፍ ድርጅት የሽቦውን ማደሻ ቢከፍል ብዙም አይከብደውም፤ ማኅበራችንም ይህን በደብዳቤ ሊጠይቅ ይገባል።

ከዚህ ሌላ የማቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ደጀን ባሉት ከተሞች የቆሙትን የቆዩ ቡና ቤቶች መንገዱ በተከፈተና ሰላም በሆነ ጊዜ እየዞርን እንለካ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ወለል ንድፍ፣ አንድ የጣራ ቁራጭ፣ የሽቦው ሁኔታና የበሮቹ ቁጥር ይበቃል። የሚለካ ሰው ባለቤቱን «አፍርስ» አይበል፤ የተናደው ግድግዳ በነበረበት በኩል ዓምድ እንዲቆም፣ በርሜሎቹ ከጣውላው ወርደው በጓሮው መሬት ላይ እንዲቀመጡ፣ ቧንቧው ብቻ ወደ ባንኮኒው እንዲዘረጋ፣ ወደ ግቢው የሚወጣ ሁለተኛ በር ተከፍቶ ወደ ውጭ እንዲገፋ ይንገረው። ይህ ሁሉ ከአንድ ወር የድራፍት ሽያጭ ይበልጥ እንደ ሆነ በትክክል የሚያስላልን ከመካከላችን ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። መለኪያ ሜትር የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያውሳል፤ ስማችሁን ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ለጸሐፊው ብታስመዘግቡ የመጀመሪያውን ቡድን ዛሬውኑ እናቋቁማለን።