አስቀድሞ ስለሚሠላ ሒሳብና ስለማይታጠፍ ቃል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ነገሩ ለወላጆቻችን እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ሥሩ ሲመረመር አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያወቁት ነገር ሆኖ ይገኛል።

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ነው። ማሽኑ ግን ይህን ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ ኮምፓይለር የሚባል አስተርጓሚ በመካከል ገብቶ ጽሑፉን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይመልሰዋል። ከዚህ የተነሣ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አለው፤ አንደኛው የሚተረጐምበት፣ ሁለተኛው በተጠቃሚው እጅ ገብቶ የሚሠራበት ጊዜ ነው። አንድ ሒሳብ በትርጉሙ ጊዜ ካለቀ፣ ፕሮግራሙ በኋላ የተዘጋጀውን መልስ ማንሣት ብቻ ይቀረዋል። በዚያ ሒሳብ ውስጥ ስሕተት ቢኖርም ፕሮግራሙ ለሰው ሳይሰጥ ይያዛል። ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ዛሪማ የሚመጣ ነጋዴ የበቅሎውን ጭነት የሚያጠብቀው ደባርቅ ላይ እንጂ ገደሉ አፋፍ ላይ አይደለም።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም ሥራ ይኸው ነው። የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ ለምሳሌ እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ሲሆን፣ ከ30 የሚጐድለው 18 መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን እሑድ ስለ ሆነ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲታከልበት 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል ማለት ነው። በዚህ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ቢደመር 34፣ በ30 ቢገደፍ 4 ይሆናል፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ሕዝቡ የሚቀበለው የተዘጋጀውን ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሒሳቡን እንደገና እንዲያሰላ አይገደድም።

አሁን ወደ ራስት ቋንቋ ልመለስ። ራስት ግሬይደን ሆር በተባለ የሞዚላ ሠራተኛ ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው የጸና እትም ግንቦት 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየስድስት ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣል፤ ነገር ግን «የጸና» ተብሎ የተሰጠ ነገር በሚቀጥሉት እትሞች እንዳይፈርስ ሠሪዎቹ ቃል ገብተዋል። ከቋንቋው ጋር መደበኛ ላይብረሪ የሚባል የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ጎተራ አለ። ኅዳር 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በወጣው 1.31 እትም «ኮንስት» የሚል ምልክት ያለባቸው ፈንክሽኖች በትርጉም ጊዜ እንዲሠሩ ተፈቀደ። በመጀመሪያ ፈቃዱ ጠባብ ነበር፤ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚለው ምርጫና ድግግሞሽ የተፈቀዱት ነሐሴ 21 ቀን 2012 ዓ.ም. በ1.46 እትም ነው።

ስለ ምን ይህን ያህል ዘገዩ? ምልክቱን መስጠት ቀላል ሲሆን መልሶ መንጠቅ ግን ከባድ ስለ ሆነ ነው። አንድ ጸሓፊ የሠንጠረዡን ርዝመት በእንደዚህ ያለ ፈንክሽን ቢያሰላና ምልክቱ በኋላ ቢነሣ፣ ምንም ሳያጠፋ ፕሮግራሙ አልተረጐምም ይለዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለምን!

ስለዚህ በላይብረሪው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች አሉ። አንዱ ፈንክሽኑ በሥራ ጊዜ እንዲጠራ፣ ሁለተኛው በትርጉም ጊዜም እንዲጠራ የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያውን ያገኘ ሁለተኛውን ላያገኝ ይችላል። ሁለተኛው ገና ያልጸደቀለት ፈንክሽን በየሌሊቱ በሚወጣው የሙከራ እትም ብቻ ይፈተናል፤ የሚሞክረውም ሰው ነገሩ ሊለወጥ እንደሚችል ዐውቆ ነው።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን የተሰወረው ነው። የጸናው ፈንክሽን በውስጡ ያልጸደቀ ሌላ ፈንክሽን ቢጠራ፣ ተጠቃሚው ስሙን እንኳ ሳይሰማ በዚያ ባልጸደቀው ላይ ይደገፋል፤ ያም ካልተፈቀደበት በር ገብቶ የማይነሣ ይሆናል። ይህ ራሱ ዋስ የሌለውን ሰው ዋስ አድርጎ እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ራሱ ይከለክላል፤ ያለ ግልጽ ፈቃድም አያሳልፍም። እ.ኤ.አ. በ2024 ይህ ምርመራ ጠብቆ ከአንዱ ፈንክሽን ወደ ሌላው እስከ ሥሩ ድረስ እንዲከተል ተደርጓል።

የአሥርዮሽ ቁጥሮችም ነገር እንዲሁ ነበር። ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል የሚወጣው «ቁጥር ያልሆነ» ውጤት በማሽኑ ውስጥ የሚጻፍበት ምልክት በትርጉም ጊዜና በሥራ ጊዜ ሊለያይ ይችላል። ብዙ ከተመከረበት በኋላ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በ1.82 እትም ሲፈቀድ፣ የዚያ ምልክት አንድነት ዋስትና እንደማይሰጠው አብሮ ተነገረ። የቃሉን ወሰን ለይቶ መናገር ራሱ ታማኝነት ነው።

እርግጥ ጥንቃቄ ዋጋ አለው፤ ፈንክሽኑን ዛሬ የሚፈልግ ሰው ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የተደገፈበትን ደንብ መለወጥ የሚያመጣውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1582 ሮማዊው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዘመን አቆጣጠሩን ለማረም 10 ቀን ሲያዘልሉ፣ እንግሊዝ የተከተለችው በ1752 ነው፤ ያን ጊዜም 11 ቀን መዝለል ግድ ሆነባት። እኛና ሌሎች አልተከተልንም፤ ፋሲካም እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ዓመታት በሁለት የተለያየ ቀን ይከበራል። ማረም ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ አስቀድሞ መመርመር ይሻላል ማለቴ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! መብራት በሚቋረጥበት፣ ኢንተርኔትም በሚደክምበት አገር ለምንማር ለእኛ ይህ ነገር ትርፍ ወሬ አይደለም። ዘንድሮ የምንጽፈውን ፕሮግራም ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ሳይጽፉት እንደገና እንዲጠቀሙበት ከፈለግን፣ ቃሉን የሚጠብቅ መሣሪያ መምረጥ ያስፈልገናል። እኛም በተራችን ለሌላው የሚሆን ነገር ስንሠራ፣ ለመሞከር እንፍጠን፤ «ጸንቷል» ለማለት ግን አንቸኩል። በፕሮግራማችን የሚደገፈው ሰው ፊቱን አይተነው የማናውቀው ሊሆን ይችላልና።