ፊደል ከቆጠሩ በኋላ
(ለወልቂጤና ለቡታጅራ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የወልቂጤና የቡታጅራ ተማሪዎች! ወላጆችም ቀረብ በሉ፤ ነገሩ እናንተንም ይመለከታል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ጥያቄው «ሀ»ን ከ«ለ» መለየት ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። ዛሬ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጥያቄውም ተለውጧል። ፊደሉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ያነበባችሁት ምን አለ? እውነትስ ነወይ?

አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። አሁን «ወጣቱ ሰነፈ» ያላችሁ አላችሁ፣ አይደል? ቁጥሩ ግን እንዲያ አላለም። ከተፈተኑት መካከል ስንቱ እንዳለፈ ተናገረ፣ በቃ። ለምን እንደሆነ አልነገረንም። ደግሞም በዚያ ዓመት ተማሪው የተፈተነው በየትምህርት ቤቱ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው፤ እንግዲህ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ዝም ብሎ ማወዳደርም አይሆንም። ምክንያቱን የጨመርንበት እኛው ነን።

ወደ ጓሯችን እንምጣ። አንድ ጽሑፍ «እንሰት ድርቅን ይቋቋማል፤ ስለዚህ እንሰት ያለበት አገር አይራብም» ቢላችሁስ? የፊተኛው አባባል ልክ ነው። «ስለዚህ» የሚለው ቃል ላይ ግን እርሳሳችሁን አቁሙ። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። የአጠውልግ በሽታም አለበት፤ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ያሻግረዋል። ቆጮም ሆድ ይሞላል እንጂ በገንቢ ምግብ በኩል ድሃ ነው፤ ወተት፣ ጎመን፣ ባቄላ ይሻል። እንግዲህ ሁለተኛው ከፊተኛው አልተከተለም። አያታችሁ ይህን ከማንም ፕሮፌሰር በፊት ያውቁታል፤ ያልተጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በየጆካ ሸንጎ ካንድ ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈረድም። መጽሐፍም አንድ ወገን ነው። መምህሩ የሰጣችሁ ኖትም እንደዚያው፤ (መምህራን አትቀየሙኝ!) ኖት ሸምድዶ የመጣ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ሲደነግጥ ስንቴ አይተናል።

ዛሬ ማታ ከመጽሐፋችሁ አንድ ገጽ ብቻ ያዙ። ሁለቴ አንብቡና ዝጉት። ከዚያ ለእናታችሁ በቤታችሁ ቋንቋ፣ በጉራግኛም ይሁን በሌላ፣ ንገሯቸው። እናት «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ መልስ ካጣችሁ፣ ያ ገጽ ገና አልተነበበምና መብራቱን አታጥፉ።