ከተሰናበቱ በኋላ፦ የአሮጌ አውሮፕላኖች ዕጣና መዝገባቸው



የዛሬው ንግግሬ አውሮፕላን ከአገልግሎት ከተሰናበተ በኋላ ስለሚገጥመው ዕጣ ነው። ጉዳዩ ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የተሰናበተው አውሮፕላን ክፍሎች በሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ተገጥመው ለዓመታት ስለሚበርሩ፣ ነገ የምንሳፈር ሁላችንን ይመለከታል።

በመጀመሪያ፣ አውሮፕላን እንዴት ያረጃል? ዕድሜው ከዓመታት ይልቅ በበረራ ዑደት፣ ማለትም ተነሥቶ ባረፈበት ቍጥር ይለካል። አካሉ ከፍታ ላይ በአየር ግፊት ይለጠጣል፤ ሲያርፍ ይረግባል። ይህ ሲደጋገም ብረቱ ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሃዋይ ሰማይ ላይ የጣሪያው ከፊል የተገነጠለው ቦይንግ 737 ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ዑደት ፈጽሞ ነበር።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሚሰናበቱት ብረታቸው ሳይዝል፣ ወጪያቸው ከገቢያቸው ሲበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረ አንድ ኤርባስ ኤ380 ከ10 ዓመት ያህል አገልግሎት በኋላ ሌላ ተከራይ አጥቶ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በታርብ ተፈታትቷል።

ከመፈታታት በፊት ሌሎች ዕድሎች አሉ። አንዳንዱ እንደ አሪዞና በረሃ ወይም እንደ ስፔኗ ቴሩኤል ባለ ደረቅ ስፍራ ይቆያል፤ ደረቅ አየር ዝገትን ያዘገያልና። አንዳንዱ ወደ ጭነት ማመላለሻነት ይለወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ቦይንግ 767 አውሮፕላኖችን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ለመለወጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ከእስራኤል የአየርና ሕዋ ኢንዱስትሪ ጋር ተስማምቷል።

የመፈታታቱ ሰዓት ሲደርስ ቀድመው የሚወርዱት እጅግ ውድ የሆኑት ሞተሮች ናቸው። የማረፊያ እግሮችና የበረራ መሣሪያዎች ይከተላሉ። የሚቀረው ቀፎ ተቈርጦ አሉሚኒየሙ ይቀልጣል።

እዚህ ላይ የንግግሬ ዋና ነጥብ ይመጣል። ከምናለሽ ተራ የተገዛ ብሎን ለበር ማጠፊያ ቢውል፣ የትውልድ ሐረጉን የሚጠይቅ የለም። በሞተር ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ ግን ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ስንት ዑደት እንደፈጸመ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ዲስኩ ለዓይን አዲስ ቢመስልም ሰነዱ ከጠፋ ዋጋው የቍርጥራጭ ብረት ዋጋ ነው፤ የውስጥ ዝለቱን ዓይን አያየውምና።

ይህ የቢሮ ወግ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የሆነውን ያስታውስ። የ36 ዓመት ዕድሜ የነበረው አንድ የኖርዌይ ኮንቬር አውሮፕላን በዴንማርክ አቅራቢያ ባሕር ላይ ወድቆ 55 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎች ጭራውን ካያያዙት ብሎኖች መካከል ጥንካሬ የጎደላቸው አስመሳይ ብሎኖች አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2023ም በለንደን የሚገኝ አንድ አቅራቢ የሞተር መለዋወጫዎችን በሐሰተኛ ሰነድ መሸጡ ታውቆ፣ በርካታ አየር መንገዶች ሞተሮቻቸውን ከፍተው ለመፈተሽ ተገድደዋል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቹ የጥገና ሰነድ ላይ ይፈርማሉ። የምትጽፉት ቍጥርና የምታኖሩት ፊርማ አውሮፕላኑ ከተፈታ በኋላም ከክፍሉ ጋር ይጓዛል፤ በሌላ አገር፣ እናንተን የማያውቅ ባለሙያ አምኖት ክፍሉን ይገጥማል። ያላያችሁትን አየን ብላችሁ አትፈርሙ።