ሌዘሩ ይምጣ ካልን
(በሶዶ በተካሄደው የምሩቃን መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)

ለአብዛኞቻችሁ መንገዱ ረጅም ነበር። እኔ ግን የመጣሁት ቤቴ ነው፤ ያደግሁት ዳሞታን እያየሁ ነው። ዛሬ የምናገረው እንደ ቆዳ ሐኪምም እንደ አገር ልጅም ስለሆነ ትንሽ ብሞቅ ይቅር በሉኝ።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «ሌዘር ለጠባሳና ለፊት ውበት» የሚል ነው። ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ገንዘብ አዋጥተን እዚህ ላለው ሆስፒታል የሌዘር መሣሪያ እንግዛ ብለዋል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን የትኛውን ሌዘር? ለየትኛው ታካሚ? ማንስ ይይዘዋል? እነዚህን ሳንመልስ ከገዛን፣ ሁላችንም በየሆስፒታሉ ኮሪደር ጥግ ሸራ ለብሶ የምናውቀው ዓይነት ዕቃ ነው የሚሆነው።

ሌዘር ሲባል አንድ መሣሪያ እንዳይመስለን። ማይማን እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር ካበራ ወዲህ ብዙ ዓይነት ተሠርቷል፤ በዋናነት የሚለያዩት በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አንደርሰንና ፓሪሽ እንዳስረዱት፣ ሞገዱንና የምቱን ቆይታ በትክክል ከመረጥን በዙሪያው ያለውን ሳንጎዳ የፈለግነውን ነገር ብቻ ማሞቅ እንችላለን። አንዱን ሞገድ ሄሞግሎቢን ይመጥጠዋል፣ ሌላውን ውኃ፣ ሌላውን ሜላኒን።

ለእኛ ሰው ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከፀሐይ የሚጠብቀን ሜላኒን፣ አጭር ሞገድ ያለውን ብርሃን ወደ ታች ሳይወርድ ላይኛው ሽፋን ላይ ይውጠዋል። ከዚያ ቆዳው ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ይጠቁራል ወይም ይነጣል። ለዚህ ነው ለጥቁር ቆዳ እንደ 1064 ናኖሜትሩ ኤንዲ ያግ ያለ ረጅም ሞገድ የሚሻለው። በነገራችን ላይ ይኸው ሞገድ፣ ምቱ በናኖሰከንድ ሲሆን፣ የእናቶቻችንን የግንባርና የአንገት ንቅሳት በደንብ ያደበዝዛል። ማስነሣት ለምን እንደሚፈልጉ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

አንዲት ሙሽራ አስታውሳለሁ። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ብጉር የተወባትን ጠባሳ ለማጥፋት አንድ የውበት ቤት ትገባለች። «ሌዘር ነው» ብለው የሠሩላት አይ.ፒ.ኤል. ነበር። እሱ ደግሞ ብዙ ሞገድ የተደባለቀበት ብልጭታ ነው፤ ሌዘር እንኳ አይባልም። እኔ ጋ ስትመጣ ጉንጮቿ ላይ የመሣሪያው ጫፍ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ታትሟል። ቀለሙ እስኪመለስ ወራት ፈጀ። ሠርጉ ወራት አልጠበቀም። ልጅቷ «ዶክተር፣ ፎቶ አልነሣም» ነው ያለችኝ።

እሺ፣ ይሄ የከተማው ነው። የወላይታው ጠባሳ ግን በአብዛኛው ከእሳት የሚመጣ ነው። ሦስት ጉልቻ መሬት ላይ፣ ሕፃን በዙሪያው፣ የፈላ ነገር ከላይ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ ሲወድቅ ደግሞ ቃጠሎው ጥልቅ ነው፤ እንደ ጤነኛ ሰው ቶሎ አይሸሽማ። እንዲህ ያለ ቁስል ሲድን ይኮማተራል። ጣት ከመዳፍ ይጣበቃል፣ ክርን አይዘረጋም፣ አገጭ ከደረት ይያያዛል።

አገጯ ደረቷ ላይ የቀረ አንዲት ልጅ ነበረች። እናትየው «በጨረር ይፈታል ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉኝ። አይፈታም። እንዲህ ያለውን የሚፈታው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ይለቀቃል፣ ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ ይለጠፋል፣ ከዚያ አንገቷ ወራት ሙሉ በድጋፍ ተወጥሮ ይቆያል፣ በየቀኑ ይታሻል። አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል በዚህ ሥራ ይታወቃል። እናትየው ግን የጠየቁኝ ስለ አዲስ አበባ አልነበረም። «እዚህስ?» ነበር ያሉኝ። እኔም ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ነው ይዤላችሁ የመጣሁት።

ታዲያ ሌዘር ለቃጠሎ ጠባሳ አይጠቅምም ማለቴ ነው? ኧረ በፍጹም! ፍራክሽናል ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚባለው አለ፤ ሞገዱ 10,600 ናኖሜትር ነው፣ ዒላማው ውኃ ነው። ጠባሳው ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይበሳል፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያልተነካ ቆዳ ይተዋል፣ መዳኑም ከዚያ ይጀምራል። የደረቀው ጠባሳ ይለሰልሳል፣ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴ ይሻሻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጃማ ደርማቶሎጂ የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት ይህን ሕክምና ለአደጋ ጠባሳ ጠቃሚ እንደሆነና ሊሠራበት ከሚገባው በታች እየተሠራበት እንደሆነ ጽፏል። ለጥቁር ቆዳ ቀዳዳዎቹን ማሳሳት ያስፈልጋል፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ አያልቅም፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይደገማል። ከሁምቦ ገጠር ለሚመጣ ገበሬ ይህ ማለት የትራንስፖርት ገንዘብ ነው፣ የገበያ ቀን ነው።

ኪሎይድን ለይታችሁ እዩልኝ። ዝም ብሎ መቁረጥም ዝም ብሎ በሌዘር ማቃጠልም ያባብሰዋል፤ ተቆርጦ ብቻ የተተወ ኪሎይድ ከግማሽ ባላነሰ ሰው ላይ ተመልሶ ይመጣል። በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ የሚወጋ ትራያምሲኖሎን፣ ሲሊኮን፣ የጆሮ ከሆነ መጫኛ። ርካሽ ነው፣ ሥራውን ይሠራል፣ ነገ ጠዋት እዚህ መጀመር ይቻላል። ሌዘር ቢጨመርም ከመርፌው ጋር ነው።

ስለ ማቅሊያ ክሬም ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታዩታላችሁ። ብቻ፣ ለማድያት ሌዘር ፈልጋ የምትመጣ ሴት መጀመሪያ ምን እንደምትቀባ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ክሎቤታሶል ይገኛል። በእሱ የሳሳ ፊት ላይ ሌዘር ማብራት ደግሞ እዳ መግዛት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሴ ትንሽ ብወጣም። ይህ አካባቢ ስለ ቆዳ ለዓለም ያስተማረው አለ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በወላይታ 5.46 በመቶ ሰው ላይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እዚሁ ሶዶ የሞሲ ፉት ፕሮጀክት ሰዎች በምን አከሙት? በውኃና በሳሙና፣ በቅባት፣ በፋሻ፣ በጫማ። ያውም ታካሚዎቹን ራሳቸውን አሠልጥነው። ቤተሰብ ለብቻ ዕቃ ያበላው የነበረ ሰው ተመልሶ ገበያ ወጣ። ሌዘር ስንገዛ ይህ ከተማ እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለው አንርሳ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው። የመጀመሪያው ዓመት መዋጮ ለሰው ይሁን፦ ሁለት ሐኪሞችና አንዲት ነርስ ጥቁር ቆዳ ላይ ሌዘር በየቀኑ ከሚሠራበት ቦታ ሄደው ይሠልጥኑ፤ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ለቃጠሎ ብቻ ይመደብ፤ ትራያምሲኖሎን፣ ሲሊኮንና የድጋፍ ማሠሪያ ይገዛ። መሣሪያው በሁለተኛው ዓመት ይምጣ፣ ፍራክሽናሉ። ሲመጣም ከስታቢላይዘሩ፣ ከጭስ መምጠጫውና ለዚያው ሞገድ ከተሠራ የዓይን መከላከያ ጋር ይሁን፤ ውሉ ውስጥ የጥገና ዓመታት በቁጥር ይጻፍ። የፊት ማስዋብ የሚፈልግ ከፍሎ ይታከም፣ ገቢው የተቃጠሉ ሕፃናትን ወጪ ይሸፍን። ይህን አንዳንዶቻችሁ እንደማትወዱት አውቃለሁ፤ ከሻይ በኋላ እንከራከር።

ዋጋ ማወዳደሪያውን መግቢያው ላይ ካለው ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት አንብቡት። የሌዘር ቱቦ መቀየር የሚችል ባዮሜዲካል መሐንዲስ የሚያውቅ ካለ ደግሞ ምሳ ሳይበላ ይፈልገኝ፤ ከፊት ወንበር፣ ሰማያዊ ነጠላ የለበስኩት እኔ ነኝ።