ድምፅን ለመሰየም አንቸኩል

አጭር አድርጊው ስለተባልኩ በቀጥታ ልግባ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ኦፔራ ውስጥ የሴት ድምፅ በጥቅሉ ሦስት ስም አለው፤ ከፍተኛው ሶፕራኖ፣ መካከለኛው ሜዞ ሶፕራኖ፣ ዝቅተኛው ኮንትራልቶ። ጀርመኖች ደግሞ እነዚህን ሸንሽነው «ፋኽ» ይሏቸዋል። ቃሉ የመደርደሪያ ክፍልም፣ የትምህርት ዘርፍም ማለት ነው። በዲፓርትመንት ምደባ እንቅልፍ ያጣችሁ ነገሩ ይገባችኋል!

ብዙ ሰው ምደባው «የት ድረስ ትወጣለች?» በሚለው የሚያልቅ ይመስለዋል። አይደለም። ከፍ ያለውን ኖታ ነክቶ መመለስ ሌላ፣ እዚያ ሰፈር ምሽቱን ሙሉ ሳይደክሙ መኖር ሌላ። የድምፁ ቀለምም ይታያል፤ ከደረት ወደ ራስ የሚሸጋገርበት ቦታም እንዲሁ።

እንግሊዛዊቷን ካትሊን ፌሪየርን ውሰዱ። በ14 ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ የስልክ ኦፕሬተር ሆነች። በ1937 ካርላይል ላይ ተወዳድራ በፒያኖም በዘፈንም አሸነፈች። እውነተኛ ኮንትራልቶ ነበረች። ለዚህ ድምፅ ኦፔራ የሚሰጠው ባብዛኛው የእናት፣ የሞግዚትና የጠንቋይ ሚና ነውና፣ እሷ መድረክ ላይ የተጫወተችው ሁለት ሚና ብቻ ነው፤ የብሪተንን ሉክሬሺያና የግሉክን ኦርፌኦ። በ1953 ኮቨንት ጋርደን ውስጥ ኦርፌኦን ስትጫወት፣ ካንሰር የጎዳው የእግሯ አጥንት ተሰበረ። እንደምንም ቆማ ጨረሰች። በዚያው ዓመት በ41 ዓመቷ አረፈች።

ጃኔት ቤከር በ1956 በፌሪየር መታሰቢያ ውድድር ሁለተኛ ወጣች። ሜዞ ናት፤ ከኦፔራ የተሰናበተችውም በ1982 በዚያው በኦርፌኦ ነው።

እኔን ይበልጥ የምታስደንቀኝ ግን ዌልሳዊቷ ግዊኔት ጆንስ ናት። ሜዞ ተብላ ጀመረች፤ ቆይታ ወደ ሶፕራኖ ተሻገረች፤ በ1976 ባይሮይት ላይ የዋግነርን ብሩንሂልደ ዘፈነች። ከሶፕራኖ ሚናዎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ ነው። በመጀመሪያው ስሟ ቆልፈውባት ቢሆንስ?

ይህን ያነሳሁት መምህራን ስላላችሁ ነው። በመግቢያ ፈተና የ18 ዓመት ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ሰምተን ቅጹ ላይ «ሶፕራኖ» ብለን እንጽፋለን። በዚያ ዕድሜ ድምፅ አልበሰለም። አንዳንዴማ እውነቱን እንነጋገርና፣ ኳየሩ ውስጥ ሰው የጎደለበትን መስመር አይተን ነው የምንመድበው። ልጅቷ በማይመቻት ከፍታ ዓመታት ስትገፋ ጉሮሮዋ ይሻክራል፤ የድምፅ አውታሯ ላይ እባጭ ሊወጣባትም ይችላል። ከዚያ «ድምፅ የላትም» እንላለን።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያቺ የቅጹ ቦታ «ገና» ተብላ ትሞላ። ልጆቹ በሚመቻቸው መካከለኛ ከፍታ ይሥሩ፤ በየሴሚስተሩ እንስማቸው። ለትምህርት ክፍሉ የማቀርበውን ደብዳቤ ይዤዋለሁ፤ መፈረም የምትፈልጉ ከሻይ በኋላ በሩ አጠገብ ታገኙኛላችሁ።